በሰዓዳ ላይ የፈረምኩት ቃል

ይህን ሙሉውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለቤቴ ሳይሰማው ሞተ። ለንስሐ አባቴ እንኳ የነገርኳቸው ግማሹን ነው፤ እሱንም ለራሴ በሚያመቸኝ በኩል አድርጌ። እናንተ አታውቁኝም፤ ስለዚህ ለእናንተ ልናገር። ጓደኛዬን በሐሰት ወንጅዬ አሳስሬያለሁ። ያሳሰርኳት ለጆሮዬ ብዬ ነው።

ለጆሮ? አዎ፣ ለጆሮ።

ጆሮዎቼ ከልጅነቴ ጀምሮ ወደ ውጭ የተገለጡ ነበሩ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ግርጌ ባለው ሰፈራችን፣ ስሜ ቀርቶ “ጥንቸሏ” ነበር የምባለው። ኮረዳ ስሆን በአፍሮዬ ሸፈንኳቸው። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ስቀጠር ግን ፀጉራችንን በቆብ ጠቅልለን እንድንሠራ ታዘዝን፤ ጆሮዎቼም እንደገና አደባባይ ወጡ።

ሰዓዳን ያወቅኳት እዚያው ፋብሪካ ነው። ላምበረት የሚኖሩ የአንድ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። ደርግ በገባ በጥቂት ዓመቱ ሁለታችንም ለዘጠኝ ወር ሥልጠና ቡልጋሪያ ስንላክ አንድ ክፍል ደረሰን። እሷ ቋንቋውን በሦስት ወር ለመደችው። እኔ ዳቦ እንኳ የምገዛው በእሷ አፍ ነበር።

እዚያ አገር ጆሮ የሚያስተካክል ሐኪም መኖሩን ከአንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ነገር ግን ያለ ቡድን መሪያችን ፈቃድ የታከመ ሰው ሥልጠናው ተቋርጦ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። ለመልክ ብሎ ማን ይፈቅዳል? በድብቅ እንድትወስደኝ ሰዓዳን ለመንኳት። ሳምንት ሙሉ እምቢ አለችኝ፤ በመጨረሻ አልቅሼ አሸነፍኳት።

ሐኪሙ ያለውን አንድም ሳታስቀር ተረጎመችልኝ። ከፋሻው ሥር ደም ሊቋጥር ይችላል። አንዱ ጆሮ ከሌላው ይበልጥ ካመመ በዚያው ቀን መምጣት ነው። ፋሻው ሳምንት ሙሉ አይነካም፤ ለወር ያህል በጎን መተኛት የለም። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ጠባሳው አብጦ ሊቀር ይችላል።

“ሰምተሻል?” አለችኝ።

“እሺ ብላለች በይው።”

“እሺ በይ አላልኩሽም። ሰምተሻል ወይ ነው ያልኩሽ።”

አልሰማሁም። እኔ የማስበው መስታወቱን ነበር።

ሌሎቹ ሠልጣኞች ለዕረፍት ወደ ባሕር ዳርቻ በሄዱበት ሳምንት፣ እኛ ሰበብ ፈጥረን ቀርተን፣ ኦፕራሲዮኑን ተደረግኩ። በአራተኛው ቀን ሊመለሱ መሆናቸውን ሰማሁ፤ የቡድን ፎቶግራፍም እንነሳለን ተባለ። ሰዓዳ ገበያ በሄደችበት ፋሻውን በገዛ እጄ ፈታሁት። ቀኝ ጆሮዬ ከግራው ይበልጥ ያመኝ ነበር፤ አውቄ ዝም አልኩ። በዚያ ፎቶግራፍ ላይ ፈገግ ብያለሁ።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ጣለኝ። ጆሮዬ አብጦ መግል ያፈስ ጀመር። ሰዓዳ ደግፋ በትራም ወሰደችኝ። ሐኪሙ ከፍቶ አጠበውና፣ ቁስሉ የጆሮውን ልም አጥንት በልቶታል አለ። ሁለት ሳምንት ያህል በየሁለት ቀኑ ጠዋት ለመርፌና ለማጠብ ተመላለስን። ያለ እሷ መቆምም መናገርም ስለማልችል እሷም ከሥልጠናው ቀረች። ለጠየቀን ሁሉ ጉንፋን ነው እያልኩ ራሴን በሻርፕ ጠቅልዬ እውል ነበር።

ቡድን መሪው ጠራን። መጀመሪያ እሷ ገባች። ከበሩ ውጭ ሆኜ ሰማኋት። “የት እንደምንሄድ እሷ ትንገርዎ። ጉዳዩ የእሷ ነው” አለችው። ስትወጣ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ “እውነቱን ንገሪው። ታመሻል፣ አይጨክንብሽም” አለችኝ።

ገባሁ። “ጠዋት ጠዋት የት ነው የምትጠፉት?” አለኝ።

“ሰዓዳ ናት የምትወስደኝ” አልኩ። “መንግሥትን የሚያሙ የአገራችን ተማሪዎች አሉ፤ ከእነሱ ጋር ትገናኛለች።”

እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። ስለ ተማሪ የጠየቀኝ አልነበረም። የመታኝ፣ ያስፈራራኝ አልነበረም። ወረቀት ሰጠኝ፤ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። በሦስተኛው ቀን ሰዓዳን ወደ አገር መለሷት። ማን እንደከሰሳት አልነገሯትም። ሻንጣዋን ስታዘጋጅ፣ ያለ እሷ እንዳልቸገር ለሐኪሙ የማሳየውን በቡልጋሪያ ቋንቋ ጽፋ ትራሴ ሥር አስቀመጠችልኝ።

ትኩሳቱ ነው ያናገረሽ ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ እንዲያ እያልኩ ኖሬያለሁ፤ ለንስሐ አባቴም የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። ያልነገርኳቸው ቀጥሎ ያለውን ነው።

ሥልጠናውን ጨርሼ ስመለስ ድኜ ነበር፤ መዳን ከተባለ። ግራ ጆሮዬ አምሮበታል። ቀኙ ተኮማትሮ፣ ከኋላው ባቄላ የሚያክል ጠባሳ አብቅሎ ቀርቷል። አንድ ቀን ጠዋት ሰዓዳን ይዘው ወደሚመረምሯት የደኅንነት ቢሮ ተጠራሁ። መርማሪው ረጋ ያለ ሰው ነበር።

“ሰዓዳ፣ ‘ጆሮዋን ኦፕራሲዮን አድርጋ ሐኪም ቤት ነበር የማመላልሳት’ ትላለች። እውነት ነው?”

ትኩሳት አልነበረብኝም። ቁርሴን በልቼ፣ ተኝቼ አድሬ ነው የሄድኩት። አዎ ብል ምን እሆን ነበር? ሊሰጠኝ የታሰበው የክፍል ኃላፊነት ይቀርብኝ ነበር። ምናልባት እኔም እታሰር ነበር። ይህን ሁሉ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አመዛዘንኩ።

“ሐሰት ነው” አልኩ።

ጆሮዬን አየው። “ይሄስ?”

“ብጉንጅ ነው።”

ያልኩትን ጻፈ። እንደገና ፈረምኩ።

ሰዓዳ ሁለት ዓመት ታሰረች። እናቷን እማማ ዘሃራን ልጠይቅ ሄድኩ። ለምን ሄድኩ? አዝኜላቸው ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር። የሄድኩት ሰው እንዳይጠረጥረኝ ነው።

“አብረሻት ነበርሽ” አሉኝ። “ልጄ ምን አጠፋች?”

“አላውቅም እማማ።”

ጆሮዬን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ። ከጓዳ የጥቁር አዝሙድ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ አምጥተው፣ “ማታ ማታ ቀቢው፣ ያለሰልሰዋል” አሉኝ። ወስጄ ተቀባሁት። እሳቸው ልጃቸው ሳትፈታ ሞቱ። ለቅሶም ደረስኩ፤ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከተፈታች በኋላ መገናኛ አውቶቡስ ስጠብቅ አገኘኋት። ከስታ ነበር። ልሸሽ ስል ቀድማ አየችኝ።

“እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ” አልኳት።

“ሁለቱንም ቃልሽን አንብበውልኛል” አለችኝ። “የመጀመሪያውን ታማ ነው ብዬ ትቼልሽ ነበር።”

አውቶቡሱ መጣ፤ ተሳፈረች። የእኔም መንገድ በዚያው ነበር፤ ቆሜ ቀረሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተን ምን በደልኳችሁ? ይቅር ልትለኝ የምትችለው አንዲት ሴት ናት፤ እሷም በሕይወት አለች። ላምበረት፣ እናቷ በተዉላት ቤት ትኖራለች። በሩ ሰማያዊ ነው፤ ከቤቴ በታክሲ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። እዚያ በር ድረስ ሄጄ አውቃለሁ፤ አንድም ቀን አላንኳኳሁም።