ቀሪቦ ጠማቂዋ ዘሊካ

ዘሊካ ሙዘይን ቀሪቦ መጥመቅ የጀመረችው በ1969 ዓ.ም. ክረምት ነው። ባሏ ሳልህ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። የሶማሌ ጦርነት ሲጀመር መኪናውን ከነሾፌሩ መንግሥት ወሰደውና ስንቅ እንዲያመላልስ ሐረርጌ ላከው። እሷ ከሾላ ገበያ ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ቀረች።

እጇን አጣጥፋ ደብዳቤ መጠበቅ አልሆነላትም። ገብስ ገዝታ እስኪጠቁር ቆላች፣ ቀቅላ አጠለለች፣ ስኳርና እርሾ ጨምራ በአንድ እንስራ አሳደረችው። በማግስቱ የገበያው ነጋዴዎች ከቀትር በፊት ጨረሱት። ቀሪቦ ስለማያሰክር ሙስሊሙም ጴንጤውም ይጠጣዋል። በሦስት ዓመት እንስራዋ ሦስት ሆነ። ማገዶውን የምታመጣላት ጂቱ ናት፤ ከእንጦጦ ራጉኤል በታች ካለው ጫካ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባዋ ተሸክማ የምትወርድ ቀጭን ሴት።

በ1972 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር በላይነህ መጣ።

«ለአብዮት በዓል ስድስት በርሜል እንፈልጋለን። ስኳሩን እኛ እንሰጣለን» አላት።

«እኔ የማውቀው እንስራ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። በርሜል ጠምቄ አላውቅም።»

«ይለመዳላ!»

እምቢ ማለት የሚቻልበት ጊዜ አልነበረም። ለበዓሉ ለመድረስ ስትጣደፍ ግማሹ ገብስ አረረ፣ ግማሹ ጥሬ ቀረ። ውሃው ሳይበርድ እርሾ ጨመረችበት። መስከረም ሁለት ቀን የመጀመሪያውን ብርጭቆ የቀመሰው ሰው እዚያው ተፋው። ስድስቱም በርሜል ሜዳ ላይ ተደፋ። በላይነህ በሰው ፊት አመናጨቃት፤ ከኅብረት ሱቅ የምታገኘውን ስኳርም አስከለከላት።

አንድ ወር ሳትጠምቅ ተቀመጠች። አሳየች የምትባል ጎረቤቷ፣ ጠላ ጠምቃ አምስት ልጆች ያሳደገች ባልቴት፣ ሁኔታዋን አይታ አጥሯ ድረስ መጣች።

«ስኳር ከጠፋ ብቅል አለልሽ አይደል?»

«ብቅልማ የጠላ ነው፣ እትዬ አሳየች። እኛ ዘንድ ነውር ነው።»

«የበቀለ ገብስ ምን ነውር አለው? ጌሾ አታስነኪው፣ ከአንድ ሌሊት በላይ አታቆዪው። በቃ!»

አሳየች ገብሱን ነክራ፣ በጉሎ ቅጠል ሸፍና፣ ሲያቆጠቁጥ አስጥታ አሠራሩን አስተማረቻት። ብቅል ለመድረስ ቀናት ይፈልጋል፤ ዘሊካም በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ መጥመቅ ተወች። ጣፋጭነቱ እንደ ስኳሩ አልነበረም። ጠጪዎቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ ኋላ ግን ለመዱት። በ1974 እንስራዎቹን ትታ አንድ ጋን ገዛች፣ በሁለት ዓመቱ ሁለተኛ። የ1977ቱ ድርቅ ገብሱን ከገበያ ባጠፋው ጊዜ አምስት ወር ዘጋች። ሌሎች ምኑንም ምኑንም እየቀላቀሉ ሲሸጡ እሷ ጋኖቿን በግራዋ አጥባ ደፋቻቸው።

ከሐረርጌ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተዛውሮ የቆየው ሳልህ አንድ ጆሮው ደንቁሮ በ1978 ተመለሰ። ሥራዋን አይቶ ተደሰተ፣ ወዲያው ደግሞ ቸኮለ።

«በኮተቤ በኩል ሦስት ሻይ ቤቶች ቀሪቦሽን ይፈልጋሉ። ለምን ስድስት ጋን አናደርገውም?»

«ውሃውስ?» አለችው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። ጂቱም ከዚህ በላይ እንጨት ብትሸከም ወገቧ ይሰበራል።»

ሁለት ቀን አኮረፋት። በሦስተኛው ቀን ቆርቆሮ አጥፎ አሸንዳ መሥራት ጀመረ፣ ጓሮውንም ቆፍሮ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ በሲሚንቶ ለሰነ። ጉድጓዱ በሚቀጥለው ክረምት ሲሞላ ሦስተኛው ጋን ተጨመረ። አራተኛው የመጣው ጂቱ ሸክም አቁማ በብቅሉ ሥራ ከዘሊካ ጋር ስትገባ ነው፤ ማገዶውን ከዚያ በኋላ ሳልህ በጋሪ ያመጣው ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ከተማው በተኩስ ሲናወጥ ቤቱ ሦስት ቀን ተዘጋ። በአራተኛው ቀን ጂቱ ብቅሉን ገልጣ አየች።

«ሥሩ ረዝሞ ተያይዟል፣ እትዬ። ቀሪቦ አይሆንም።»

ዘሊካ በጣቷ ፈልቀቅ አድርጋ አሸተተችው። ለአሳየች በጎች ሰጡትና አዲስ ገብስ ነከሩ።