ደመና በታየ ቁጥር

ከጅማ ብዙም በማትርቀው በየቡ ከተማ ዳር አንድ የቡና ማድረቂያ ግቢ አለ። እዚያ ግቢ ወርቂቱን የፈለገ ሰው ሰማይ ሰማይ የምታየዋን ሴት መፈለግ ይበቃዋል። ሌሎቹ ሴቶች ቡናውን እያዩ ሲሠሩ እሷ ደመናውን ታያለች። አንገቷ ወደ ላይ እንደተቃና ቀርቷል እያሉ ያሟት ነበር። ሐሜቱን ሰምታለች፤ ግን ሰማዩን ትታ ለሐሜት መልስ የምትሰጥበት ጊዜ አልነበራትም።

ሥራዋ በሽቦ አልጋ ላይ የተሰጣውን እሸት ቡና እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ጠዋት ሸራው ይገለጣል፣ ቡናው በእጅ ይገላበጣል፣ ዝናብ ከመጣ ይሸፈናል። መቼ እንደሚሸፈን የምትወስነው እሷ ናት። «ሸራ» ካለች ሴቶቹ ሁሉ የያዙትን ጥለው ይሮጣሉ። ሲያዩት ቀላል ሥራ ነው፤ ለእሷም እስከ ካቻምና ኅዳር ድረስ ቀላል ነበር።

ካቻምና ኅዳር ላይ ጎረቤት ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ ዝናቡ ቀድሟት ገባ። ያለ እሷ ማንም «ሸራ» ለማለት አልደፈረም፤ ቡናው በስብሶ ጠበቃት። የግቢው ባለቤት አቶ ጎሳዬ «የእግዜር ዝናብ ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ» ብለው አለፉት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ተቆጥተው ቢሆን ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ዝም ስላሏት ቁጣውን ራሷ በራሷ ላይ ያዘችው።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሆና አልዋለችም። ምሳዋን በአልጋዎቹ መካከል እየተዘዋወረች ትጎርሳለች። ማታ ቆርቆሮው ላይ ቅጠል ቢወድቅ ብድግ ትላለች፤ ባሏ ገመቹም አብሯት ይነቃና «ምንድን ነው?» ይላል። «ምንም» ትላለች። ምንም ማለት ጠብ ያለ ነገር የለም፣ ግን ሊኖር ይችላል ማለት ነበር። ሠርግም ለቅሶም ቀረ። ከሁሉ የባሰው ግን ሸራው ነው። የእጅ መዳፍ የምታህል ደመና ብቅ ስትል ትጣራለች፤ ሴቶቹ ሮጠው ይሸፍናሉ፤ ደመናዋ መንገዷን ትሄዳለች፤ ፀሐዩ ይከርራል፤ መልሰው ይገልጣሉ። በዚያው ቀን ደግሞ እንደገና።

ቡና በፀሐይ በላስቲክ ሸራ ሲታፈን ያልበዋል። ይህን ከወርቂቱ የተሻለ የሚያውቅ እዚያ ግቢ አልነበረም፤ ግን የፈራ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ መች ያስታውሳል። ዘንድሮ መኸሩ እንደተጀመረ አቶ ጎሳዬ አንድ ጠዋት ጠርተዋት ከአንዱ አልጋ እፍኝ ቡና አንሥተው አፍንጫዋ ሥር አቀረቡላት። ሻጋታ ሻጋታ ይላል።

«ዝናብ አልነካውም» አሏት በቀስታ። «አንቺ ነሽ ያፈንሽው። ወርቂቱ፣ እንዲህ ከቀጠለ ለከርሞ ሌላ ሰው ማየቴ ነው።»

ሌላው ሰው ማን እንደሆነ ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም። ከግቢው ሴቶች አንዷ፣ ነጅላ ናት። ዕድሜዋ ገና ነው፣ አንዱን ጆሮዋን በስልክ ማዳመጫ ወትፋ ነው የምትሠራው፣ ሆኖም እጇ ፈጣን ነው፣ ዓይኗም ንቁ። ወርቂቱ ያን ቀን ቤቷ ሳትገባ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ያ ሥራ ከሄደባት ምን ተብላ እንደምትጠራ እንኳን አላወቀችም፤ በሰፈሩ «የቡናዋ ወርቂቱ» ነበረች።

መኖሪያ ግቢዋ ውስጥ ታቢታ የምትባል ነርስ ተከራይታ ትኖራለች፤ ከወላይታ መጥታ ጤና ጣቢያ የተቀጠረች ልጅ ናት። ደጃፉ ላይ ስታገኛት የሆነውን ሁሉ ሰማቻትና የደም ግፊት መለኪያዋን አምጥታ ክንዷ ላይ ጠቀለለች።

«ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ጤና ጣቢያ ይምጡና በደንብ እናየዋለን» አለች። «እትዬ ወርቂቱ፣ ደመናውን ሲያዩ የትዎ ላይ ነው የሚሰማዎት?»

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። ትንሽ አሰበችና ከጉሮሮዋ ሥር አሳየቻት። «እዚህ። እጅ የያዘኝ ያህል።»

«እንግዲያው ሸራ የሚለው እሱ እጅ ነው፣ እርስዎ አይደሉም። መጀመሪያ እሱ ይልቀቅዎ። ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ረጋ ብለው ይተንፍሱ፤ ደጋግመው። ከዚያ ሰማዩን እንደ አዲስ ይዩት።»

«እስከዚያ ዝናቡ ይጠብቀኛል?»

«ዝናቡ ሲመጣ ምን ያስታውቃል?»

ወርቂቱ ሳታስበው ትዘረዝር ጀመር። ነፋሱ አቅጣጫ ይለውጣል፣ ከማዶ የአፈር ሽታ ይመጣል፣ ወፎቹ ዛፍ ውስጥ ይገባሉ። ተናግራ ስትጨርስ ራሷ ተገረመች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእነዚህ አንዱንም ሳታይ ነበር የምትጮኸው።

ታቢታ ሌላም ነገር አዘዘቻት። ምሳ ተቀምጦ መብላት፣ ለዚያውም ጀርባን ለቡናው ሰጥቶ። ማታ ሐሳቡ ከመጣ አልጋ ላይ ከመገላበጥ ተነሥቶ ለገመቹ መንገር። እነዚህንስ እሺ። የመጨረሻው ግን እሳት ነበር፤ ከቀኑ እኩሌታውን ሰማዩን ለሌላ ሰው መስጠት።

«ለማን ልስጠው?» አለች ወርቂቱ፣ መልሱን እያወቀችው።

ለነጅላ ሰጠችው።  እንጀራዬን በገዛ እጄ አሳልፌ ሰጠሁ ብላ ሁለት ሌሊት ለገመቹ አወራችው። ገመቹ «ኤዬ፣ አዎ» እያለ ከማዳመጥ ሌላ ምክር አያውቅም፤ ለነገሩ ከዚያ የበለጠም አልፈለገችም። ወሬው ሲያልቅ እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር።

አተነፋፈሱ መጀመሪያ አሳፍሯታል። ሴቶቹ «ወርቂቱ ሻይዋን እያበረደች ነው» እያሉ ይሳሳቁ ነበር። አንዳንድ ቀን ይረሳታል፤ እንደ ድሮው በባዶ ደመና ታስሮጣቸውና ታፍራለች። ሌላ ቀን ደግሞ እጁ ጉሮሮዋን ሲለቃት ይታወቃታል፤ ቀና ስትል ደመናው ደመና ብቻ ነው። ምሳዋንም ከመጋዘኑ ጀርባ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ መብላት ለመደች። ሽሮዋ ጨው እንደሚበዛበት ያወቀችው ያኔ ነው። ቡናው ሳይታፈን ይደርቅ ጀመር፤ አቶ ጎሳዬ እፍኝ አንሥተው ያሸቱና ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋሉ።

ኅዳር አጋማሽ ላይ አንድ ቀን፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ምሳዋን እየበላች ነፋሱ ዞረ። የአፈሩ ሽታ አፍንጫዋ ገባ። ይሄኛው እውነተኛው ነው። ሰዓቱ የነጅላ ነበር። ወርቂቱ ጉርሻዋን እንደያዘች ብድግ አለች፤ «ሸ» የሚለው አፏ ላይ ደርሷል።

«ሸራ» የሚል ድምፅ ከማዶ ሰማች። የነጅላ ድምፅ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጥርት ብሎ። የሴቶቹ ሩጫ ተከተለ፣ የላስቲኩ መንኮሻኮሽ፣ ከዚያ ፀጥታ፣ ከዚያ ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው። ወርቂቱ እስከ ግድግዳው ጥግ ሄዳ አጮልቃ አየች። አልጋው ሁሉ ተሸፍኗል። ማንም ወርቂቱ የት አለች አላለም። ተመልሳ ተቀመጠች። ደስ አላት፤ ደግሞም ከፋት፤ ሁለቱም እውነት ነበሩ።

ትንሽ ቆይታ ነጅላ ከነርጥበቷ መጣች።

«አዳዳ፣ አልሰሙም እንዴ?» አለች። የአባት እህት እንደማለት ነው፤ ሁሌም እንዲያ ነው የምትጠራት።

«ሰማሁ።»

«ታዲያ ለምን አልመጡም?»

«አንቺ ጠርተሽ የለም እንዴ?»

ነጅላ ተቀመጠች። የስልክ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቅላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። 

«ወላሂ አዳዳ፣ አቶ ጎሳዬ ለከርሞ ሥራውን አንቺ ትይዢዋለሽ ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተኛሁም። ደመና ሳይ እዚህ ጋ ያንቀኛል።» ጉሮሮዋን ያዘች። «እርስዎ እንዴት ነው የቻሉት?»

ወርቂቱ ሴራ የተሸረበባት መስሏት ስትፈራው የኖረችው ነገር ይኸው አጠገቧ ተቀምጧል፤ እንደ እሷው እንቅልፍ ያጣች ልጅ። እንዳልቻለችው ልትነግራት ፈለገች፤ ነገረቻትም። ስለ ካቻምናው ዝናብ፣ ስለ ሌሊቱ፣ ስለ ታፈነው ቡና፣ አንዱንም ሳትደብቅ። ነጅላ አፏን ከፍታ ሰማቻት።

«እይዘዋለሁ በያቸው» አለቻት በመጨረሻ። «ግን ብቻሽን አትያዢው። ብቻውን የያዘ ሰው የሚሆነውን አይተሽኛል።»

ነጅላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች፤ ወርቂቱም እስኪወጣላት አጠገቧ ቆየች። አልጋዎቹን ያን ሰዓት የሚያዩት ሌሎቹ ሴቶች ነበሩ።