የፈይሳ ንቦች

ባለፈው ሳምንት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በታች ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ የንብ መንጋ ሰፈረ። ሰፈሩ በሩን ዘግቶ ሲንጫጫ፣ አንዱ ላምባ ይረጭ ሲል ሌላው ዘበኛ ይጠራ ሲል፣ እኔ ሰማንያ ዓመት ያለፈኝ ሽማግሌ መሰላል አስደግፌ ወጣሁና በባዶ እጄ እንደ ሊጥ ዘግኜ በቅርጫት አወረድኩት። ሦስት ቦታ ብቻ ነደፈኝ። ጎረምሶቹ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ፤ ማየትም ይገባቸዋል። ቅርጫቱን ደረቴ ላይ አስጠግቼ ስወርድ ግን ከውስጡ የወጣው የሰምና የአበባ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና መሰላሉ መሀል ላይ ቆምኩ። ሰዎቹ የደከመኝ መስሏቸው ሊደግፉኝ ተሯሯጡ። አልደከመኝም።

በእኔ ጉርምስና እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ተራራው ጥድና ወይራ፣ ኮሶና አስታ ነበር፤ ንጉሡ ከነሠራዊታቸው ከላይ ሰፍረው የስንቱ ጎጆ ጢስ ሲትጎለጎል ከየካ ቁልቁለት፣ ከደጃችን፣ ይታየን ነበር። አሥራ ስምንት መቶ ሰማንያዎቹ እንደገቡ የከብቱ እልቂት መጣ። በሬው ከነቀንበሩ ወደቀ፣ ላሟ ከነጥጃዋ በረት ውስጥ አለቀች፣ ክረምቱ ሲወጣም ሜዳው የሚግጠው ጠፍቶ በአደይ አበባ ቢጫ ሆነ። እንደዚያ ያማረ መስከረም ከዚያ ወዲያ አላየሁም። ሰው በረሃብ መንገድ ላይ ይወድቃል፣ አበባው እራስጌው ይፈካል። እኛ የአሥራ ዘጠኝና የሃያ ዓመት ጎረምሶች ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለንና፣ ደስ ብሎን ነበር። በሬ ስለሌለ እርሻ የለም፤ ቀኑን ሙሉ ቆቅ በወጥመድ እንይዛለን፣ ከገደል አፋፍ ድንጋይ እየለቀቅን የማን ርቆ እንደሚሄድ እንፎካከራለን፣ ከሁሉ በላይ ግን የንብ መንጋ እናሳድዳለን።

በመስከረም ንብ ይከፈላል። መንጋው በላያችን ሲያልፍ እያፏጨንና አፈር ወደ ላይ እየበተንን እስኪሰፍር እንሮጣለን። ከሰፈረ በኋላ ጥበቡ ከዚያ ሁሉ እልፍ ንብ መካከል አውራውን ለይቶ ማውጣት ነው። ዛሬ የተማሩት ሁሉ ሴት ናት ይሉኛል፤ እኛ አውራው ነበር የምንለው። አውራውን በቀጭን መቃ ውስጥ ከትቶ በወይራ ጢስ በታጠነ ቀፎ ውስጥ የሰቀለ ሰው መንጋውን በሙሉ ያስገባል፤ ንቡ ቀፎውን ሲለምድ መቃውን ይከፍትለታል። ይህን እንደ እኔ የሚያውቅ ከእንጦጦ እስከ ኮተቤ አልነበረም። ማንም አላስተማረኝም። ፊደልንም ቢሆን በሠላሳ ዓመቴ፣ ከማንም መምህር ሥር ሳልቀመጥ፣ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ።

ጓደኛዬ ፈይሳ ግን እጁ ለዚህ አልተፈጠረም። ከየካ በታች ያሉ ገበሬዎች ልጅ ነበር፤ ረጅም፣ ዝግተኛ፣ አንዴ ሲነደፍ ፊቱ እንደ ቅል የሚያብጥ። እኛ ስናፏጭ እሱ በእናቱ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ «ኮቱ፣ ካኒሳ ኮ፣ ኮቱ» እያለ ንቦቹን እንደ ጥጃ ይለምናቸዋል። ንቦቼ፣ ኑ ማለቱ ነው። አይመጡለትም። እኛ ስንስቅ እሱም አብሮን ይስቅና፣ አማርኛ ብቻ የሚሰሙ ንቦች ገጥመውኝ ነው ይላል። ብዙ ጊዜ እኔ ነበርኩ አውራውን አውጥቼ የምሰጠው፤ በሳምንቱም መንጋው ይጠፋበታል።

በዚያ ዓመት ግን ነገሩ ጨዋታ አልሆነለትም። ለእንጦጦ ቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚያቀርበው አያ ደስታ፣ ድንቄ የምትባል ልጅ ነበረችው፤ ፈይሳ ሽማግሌ ላከባት። ለጥሎሽ የሚሆን አንድ ጊደር በአገሩ ስላልተረፈ አያ ደስታ ሌላ ነገር ጠየቀ። «አንድ ቀፎ ንብ አስገብቶ ያሳየኝ» አለ። «ንብ የቆየለት ሰው ዘንድ ልጄም ትቆያለች።» ሰሙን ፈልጎ ብቻ አልነበረም። ንብ ሌባና ጠበኛ ቤት አይቀመጥም ብሎ ያምን ነበር፤ ሁላችንም እናምን ነበር። መስቀል በዋለ በሳምንቱ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥቶ ሊያይ ቀን ተቆረጠ።

ፈይሳ ለብቻው ጠፍቶ ሰነበተ። ቀኑ ሦስት ቀን ሲቀረው ሁለት ዓይኑ በእብጠት ተዘግቶ፣ እየተደናበረ፣ ጥርሱ ብቻ እየታየ ደጄ መጣ።

«ገባልኝ» አለኝ። «አንተ ሳትረዳኝ።»

ደስ ብሎት ነው ያለው፤ ደስታውን አስቀድሞ ያመጣውም ለእኔ ነው። እኔን ግን ያቺ የመጨረሻዋ ቃል እንደ እሾህ ተሰካችብኝ።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ፈይሳ ልብሱን ሊያጥብ ወንዝ እንደ ወረደ ጓሮው ገባሁ። ቀፎውን ጥቂት አጠንኩ፣ እጄን ሰደድኩ፣ አውራውን አወጣሁ። አንድም አልነደፈኝም፤ ይህን ማንም አይሠራውም። መቃ ውስጥ ከትቼ አፉን በሰም ደፈንኩና መታጠቂያዬ ውስጥ ሻጥኩት። ሐሳቤ አጭር ነበር። ንቡ ሲታወክ እሱ ይደነግጣል፣ ይለምነኛል፣ እመልስለታለሁ፣ ማን እንደረዳውም ያውቃል።

ፈይሳ ከወንዝ እንደ ተመለሰ ግን ሽማግሌዎቹ ከቀጠሮው ሰዓት ቀድመው መጡ። ቀፎው ፊት እንደ ቆሙ ንቡ እየጮኸ ወጣ፤ ጓሮው ላይ ዞረ፣ ዞረና ወደ እኔ መጣ። ወገቤ ላይ፣ ክንዴ ላይ፣ ጋቢዬ ላይ እየተደራረበ ሰፈረ። ሽማግሌዎቹ አማተቡ። እኔ እንደ ታቦት ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ፈይሳ መሬት ላይ ተንበረከከና፣ «ኮቱ፣ ኮቱ» እያለ እጁን ዘረጋላቸው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተን ይሰሙሃል፤ ግቡ በላቸው» አለኝ። «ወንድሜ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለህ።»

የጠበቅሁት ልመና ይኸው መጣ። መቃውን ባወጣው ግን ሌባ እባላለሁ። ደግሞም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ የሽማግሌዎቹ አስተያየት ጣፍጦኝ ነበር።

«ምን ላድርግ» አልኩት። «ራሳቸው መጡ።»

አያ ደስታ ፈይሳን በእጁ ደግፎ አነሳው። «ልጄ፣ ቅር አይበልህ» አለው። «ንቡ አንድ ነገር ባያውቅብህ አይወጣም።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ንብ የሸሸው ሰው ብሎ ጠራው። እህል ፍለጋ ወደ ደቡብ ከሚሰደዱት ጋር በጥቅምት ሄደ፤ አዋሽን ሳይሻገር መንገድ ላይ መቅረቱን ያየ ሰው ነገረን። ድንቄን ዐቢይ ጾም ሳይገባ ለእኔ ዳሩልኝ።

ስድስት ልጅ ወልዳልኝ ከስልሳ ዓመት በላይ አብረን ኖርን። ሁልጊዜ አንቱ ትለኝ ነበር፤ ቀፎዎቼ ወዳሉበት አንድ ቀን ረግጣ አታውቅም። ካቻምና በበሽታ ተኝታ ሳለች አጠገቧ ተቀምጬ የጉርምስና ነገር ሳወራላት ይህንንም ነገርኳት፤ አውራውን እንዴት እንደለየሁ፣ አንድም ንብ እንዳልነደፈኝ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ሲለምንዎ መቃው የት ነበር?» አለች።

«መታጠቂያዬ ውስጥ።»

«እጅዎ ይደርስበት ነበር እንግዲህ።»

ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። አሥራ አንድ ቀን ኖረች። ውኃ ሳቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞርና ከልጆቹ አንዱ ወይም ጎረቤት እስኪመጣ ከነጥሟ ትጠብቃለች። ንብ ራሴን አስተምሬያለሁ፣ ፊደል ራሴን አስተምሬያለሁ፤ እሷን ከእጄ አንድ ጉንጭ ውኃ የሚያስጠጣ ቃል ግን አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ፈልጌ አላገኘሁም።