የወደቀ ጭነት
በጃንሆይ ዘመን ከአንበሳሜ ወረታ እህል በአህያ የምናመላልስ ሰዎች የጽዋ ማኅበር እንጂ የሥራ ማኅበር አልነበረንም። የነበረን አንድ ነጋዴ ነው፤ በቅሎ ላይ ተቀምጦ ከኋላችን የሚመጣ፣ ጭቃ ሲፈናጠርበት ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው። ክረምት ገብቶ የጉማራ ወንዝ ሲሞላ እንኳ በመልካው ካልተሻገራችሁ ይለናል። ራቅ ብሎ ባለው ድልድይ እንዙር ስንለው «ካሚዮኑ ወረታ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ እናንተ ሽርሽር አማራችሁ?» ይላል። እሱን መናቅ የጀመርኩት ያኔ ነው፤ እስከ ዛሬም አልተውኩም።

አንድ የገበያ ቀን በድልድዩ ካልዞርን ጆንያ አናነሣም ብለን ተማማልን። አህዮቻችንን ለቀን መንገዱ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ቁጭ አልን። ከሁላችን አጥብቀው የማሉት ከአንዲት አህያ በቀር ምንም የሌላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ነጋዴው ተሳደበ፣ ለመነ፣ ሌላ ጫኝ ፈለገ፤ የሚነሣለት ጠፋ። ደስ አለን።

እኩለ ቀን ላይ ራሱ አንድ አህያ ጭኖ ብቅ አለ። ልክ ፊታችን ሲደርስ ጆንያው ተንሸራቶ ወደቀ። ከጎኑ ተንበርክኮ «ኧረ የወገን ያለህ!» እያለ ያቃስት ጀመር። በአገራችን ጭነት የወደቀበትን ሰው ጠላቱም አያልፈውም። ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፣ መሰሪ!

ሽማግሌው ብድግ አሉ።

«አባቴ፣ ይቀመጡ እንጂ! መጫኛውን ሆን ብሎ ነው ያላላው» አልኳቸው።

«ቢሆንስ? ቁጭ ብዬ ልየው?»

አነሡለት። አንዱ ደገፈ፣ ሌላው መጫኛውን አጠበቀ፤ አህያው አልሄድ ሲል ደግሞ የሚነዳለት ተገኘ። አንዴ ከተነሣን ተመልሶ መቀመጡ አሳፈረን መሰለኝ፣ ሁላችንም ጫንን። ያ ሁሉ መሐላ ለአንድ የውሸት ማቃሰት! እሱን ብቻ ሳይሆን ራሳችንንም ናቅኩ።

መልካው ላይ ጎርፉ የሽማግሌውን አህያ ከነጭነቷ ጠለፋት። «የወገን ያለህ!» አሉ። ተንጋግተን ውሃው ውስጥ ገባን። ነጋዴው ዳር ላይ ሆኖ «ጆንያዬን! ጆንያዬን ያዙልኝ!» እያለ ይጮሃል እንጂ ከበቅሎው አልወረደም። አህያዋም ጆንያውም እንደተያያዙ ውሃ ወስዷቸው ቀሩ።

በሚቀጥለው ገበያ ማንም ሳይለምነው «በድልድዩ ዙሩ፤ እህሌን ለውሃ አታስበሉብኝ» ብሎ አዘዘ። እኛም ጭነን በድልድዩ ዞርን። ሽማግሌው መጫኛቸውን ጠቅልለው እንደያዙ ዋርካው ሥር ቀሩ፤ የሚጭኑባት አህያ አልነበረቻቸውም።