ወንድሜ ጠመንጃ ሲመርጥ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጄ ከስሜና ከአድራሻዬ ሌላ የጻፈው ነገር የለም። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ቃሉ አፌ ድረስ ይመጣና እዚያው ይቀራል፤ ፊቴ ይቀላል፤ ሌላ ሰው ይናገርልኛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚናገርልኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ይህንንም የምጽፈው ስለ እሱና ሊያገባት ስላሰባት ልጅ ነው።

እኔና ወንድሜ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አፓርታማ ውስጥ እንኖራለን። ወደዚህ አገር ያመጣኝ እሱ ነው። እሱ የመንገደኞች ቫን ይነዳል፤ እኔ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ልብስ አጥባለሁ፣ አንሶላ አጥፋለሁ። ጋሼ እለዋለሁ፤ እሱ እሙ ይለኛል። ለሁለታችን ይበቃን ነበር።

ልጅቷ ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ነው ያደገችው። ነርስ ናት። አባቷ በደርግ ጊዜ የወጡ ሰው ናቸው፤ እዚህ ከመጡ ጀምሮ አደን ይወዳሉ፣ ልጃቸውንም ከትንሽነቷ አስከትለው አስተምረዋታል። ሐበሻ ሴት አጋዘን ስታድን ሰምቼ አላውቅም ነበር። የተዋወቁ ሰሞን ወንድሜ ፎቶዋን በስልኩ አሳየኝ፤ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሳ፣ ጠመንጃዋን ክንዷ ላይ አጋድማ፣ ከወደቀ አጋዘን አጠገብ ቆማለች። «አየሻት?» አለኝ። ፎቶውን በሁለት ጣቱ እየለጠጠ ፊቷን አቀረበልኝ። «ቆንጆ ናት» ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ። እኔ ስንት ዓመት ሠርቼ ሳበላው አንድ ቀን ፎቶ አንስቶኝ አያውቅም።

ልጅቷ ቤታችን መመላለስ ከጀመረች ከብዙ ጊዜ በኋላ አባቷ «የራስህን ጠመንጃ ይዘህ ና፣ አብረን እንውጣ» ብለው ላኩበት። ከእሳቸው አፍ ይህ ሲወጣ ልጄን ሰጥቼሃለሁ ማለት ነው፤ እሱም እንዲያ ነው የተረዳው። እሳቸው ሳይባረክ የሞተ ሥጋ አይበሉም። ጉልበታቸው ደክሞ የወደቀው አጋዘን ጋ ቶሎ መድረስ አቅቷቸዋል፤ ልጃቸው ብትተኩስም በእኛ ወግ ሴት አታርድም። ስለዚህ ቢላ ይዞ የሚሮጥ ወንድ ይፈልጋሉ። ወንድሜ ደግሞ ማረድ ከአባታችን ተምሯል።

እኔ ነገሩን በሌላ በኩል ቆጠርኩት። ጠመንጃው ከተገዛ አደኑ አለ፤ አደኑ ካለ ሠርጉ አለ፤ ከሠርጉ በኋላ ወንድሜ አሌክሳንድሪያ ነው፣ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ። ድልድዩን ከተሻገሩ ሩቅ አይደለም ይሉኛል። ለሚነዳ ሰው ሩቅ አይደለም።

ቅዳሜ ዕለት «እሙ፣ ጠመንጃ ልንመርጥ ነው፣ ነይ» አለኝ። ልንመርጥ ሲል እኔና እሱ መስሎኝ የደህና ቀን ጫማዬን አደረግሁ። ወርደን መኪናው ጋ ስንደርስ ልጅቷ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«ውይ፣ ፊት ትሆኛለሽ?» አለችኝ።

«ግድ የለም» ብዬ ከኋላ ገባሁ። እስክንደርስ ድረስ የጆሮ ጌጧን ሳይ ሄድኩ።

ሱቁ ውስጥ ጠመንጃ እንደ መጥረጊያ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድሯል። ሻጩ ጺማቸው ደረታቸው የደረሰ ሽማግሌ ናቸው። ንግግሩን እሷ ያዘችው። ለሁሉም የሚሆን አንድ ጠመንጃ እንፈልጋለን፣ ክረምት ለዝይና ለዳክዬ፣ ጸደይ ላይ ለዱር ተርኪ ዶሮ፣ በልግ ላይ ለአጋዘን፣ አለች። ዳክዬ ስትል ወንድሜን አየሁት፤ ቤታችን ዳክዬ ተበልቶ አያውቅም። እሱ ራሱን በእሺታ ይነቀንቃል።

ሽማግሌው ሁለት ጠመንጃ አውጥተው ጨርቅ ላይ አጋደሙ። ሁለቱም አንዴ ከተተኮሱ ቀጣዩን ጥይት በራሳቸው የሚያጎርሱ ናቸው። አፈሙዙ ላይ የምትገጠመውን ቁራጭ ቱቦ በሌላ ሲቀይሩት ለቅርብም ለሩቅም ይሆናሉ። ልዩነታቸውን እሷ ናት በአማርኛ ያስረዳችን። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ጭቃም ዝናብም አይበግረውም፤ ግን ሲተኮስ ትከሻ ይመታል። ሁለተኛው ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱን ወስዶ ስለሚሠራ ምቱ ለስላሳ ነው፤ ግን ከባድ ነው፣ ቶሎ ቶሎ መጽዳትም ይፈልጋል።

«የእኔ እንደ መጀመሪያው ነው» አለች። «ቀላሉን ውሰድ። ያንን ከባድ ነገር ቀኑን ሙሉ ተሸክመህ ልትዞር ነው?»

ወንድሜ ቀላሉን አነሳ። «እንደሱ አይደለም» ብላ ከኋላው ቆመችና ሰደፉን በመዳፏ ቀኝ ትከሻው ላይ ገፋችው። «እዚህ ጋ። ጠበቅ አድርገው።»

መንጋጋው ሲጠብቅ አየሁ። ሰደፉ ያረፈበት ትከሻው አጥንቱ ተሰብሮ ነበር፣ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭን በነበረበት ጊዜ። ድኗል ቢባልም አልዳነም፤ ጠዋት ጠዋት ቅባት የማሸው እኔ ነኝ። ለእሷ እንዳልነገራት ገባኝ። ወንድ ነው፣ አፍሮ ይሆናል። እኔም ዝም አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ እያለኝ ነው ዝም ያልኩት። እሷ የማታውቀው ነገር ነበረና።

ከዚያ ወንድሜ በራሱ እንግሊዝኛ ሽማግሌውን ጠየቃቸው። «አጋዘኑን ወዲያው የማይገድለው የትኛው ነው?»

ሰውየው ጺማቸውን ያዙ። «ወዲያው የሚገድለውን ነው?»

«አይ፣ የማይገድለውን። እስክደርስ ድረስ የሚያቆየውን።»

ልጅቷ ክንዱን ያዘችው። «ምን እያልክ ነው አንተ?»

«በክት ላብላቸው ታዲያ አባትሽን?»

ሳቄ አመለጠኝ። በነጠላዬ አፌን ሸፈንኩ። ወንድሜም ዞሮ ሲያየኝ ሳቀ፤ ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። የዚያን ቀን ያ ሳቅ የእኛ ብቻ ነበር፣ የፊት ወንበሩን ካሰኝ።

እሷ ለሽማግሌው አስረዳቻቸው። እሳቸውም ጨዋ ሰው ናቸው፣ አልቀለዱብንም። የቆሰለ አጋዘን እየሮጠ ሄዶ ቁጥቋጦ ውስጥ ተሰቃይቶ ይሞታል፣ እንዲያ አይደረግም፣ አሉ።

«አባባ ቃታውን ሲስብ በስመ አብ ይላል» አለች እሷ ወደ እኛ ዞራ። «እኔም እላለሁ። ከዚያ መሮጥና ማረድ ነው። ሳይደረስበት ቢሞትም ተባርኳል ይላል አባባ።»

ወንድሜ ጠመንጃውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። «እሙ፣ ምን ትያለሽ? እንዲህ ከሆነ ሥጋውን ትሠሪዋለሽ?»

ሁሉም ዞረው አዩኝ፣ ሽማግሌውም ጭምር። እኔ የጫማዬን አፍንጫ አየሁ። በቤታችን ዝምታ እንቢታ ነው፤ እናታችን አንድ ቀን እንኳ «አይሆንም» ሳትል ነው ያሳደገችን። ወንድሜ ይህን ያውቃል። ትንሽ ጠበቀኝና ጠመንጃውን ጨርቁ ላይ መለሰው።

«ላስብበት» አላቸው።

ስንመለስ ፊት ለፊት የሚታየውን መንገድ እንጂ ሌላ ያየ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ቤታችን መምጣት ተወች። የአደኑ ጊዜ እየቀረበ ነው፤ አባቷ ይደውላሉ፤ ወንድሜ «አዎ አባባ፣ እገዛለሁ አባባ» ይልና ስልኩን ገልብጦ ያስቀምጠዋል። የሚወደውን ሠራሁለት። በላ፤ እግዜር ይስጥልኝ አለ፤ ገብቶ ተኛ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። ያሸነፈ ሰው ግን ምግቡ ይጣፍጠዋል።

ኦፍ በሆንኩበት አንድ ቀን፣ እሱ ሥራ ላይ እያለ፣ ልጅቷ ኮል አደረገችኝ። «ፓርኪንጉ ውስጥ ነኝ» አለች። «ውረጂ እስቲ።»

ወረድኩ። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ናት። የፊቱን በር ከፈተችልኝና ጎኗ ተቀመጥኩ። መሪውን እንደያዘች፣ ሳታየኝ፣ «የትኛውን ይግዛ?» አለችኝ።

«እኔ ስለ ጠመንጃ ምን አውቃለሁ?»

«አታውቂም። እሱ ግን አንቺን ነው የሚጠብቀው። ሐሙስ ሱቁ ብቻችንን ሄደን ነበር፣ ነግሮሻል? አልነገረሽም። ሁለቱንም አነሳ፣ ሁለቱንም አስቀመጠ። ለምን ብለው፣ እሙ ዝም ብላለች አለኝ።» ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። «እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራለሁ። አንቺ ዝም ትያለሽ። የሚሰማው የአንቺን ነው። ምን ላድርግ? ንገሪኝ።»

ዝም አልኩ።

«ይኸው ደግሞ» አለች። «ቅናት ነው፤ ሲያዩኝም ያስታውቅ ይሆናል። በእህት ትቀኛለሽ ወይ ብትይኝ፣ አዎ፣ እቀናለሁ። አንቺ በዓይንሽ የምትነግሪውን እኔ በሁለት ቋንቋ አልችልም።»

ያኔ አየኋት። ጥፍሮቿን ነክሳ ነክሳ ጨርሳቸዋለች። በእኔ ሰው ሲቀና በሕይወቴ ያ የመጀመሪያው ነው። ትንሽ ልቤ ሞቀኝ፣ አልዋሽም። ዝም ብዬ ብወርድ ጠመንጃው አይገዛም። ብናገር ደግሞ የቀረኝን፣ እኔ ብቻ የማውቀውን ነገር፣ ለእሷ መስጠቴ ነው። እጄን በሩ መክፈቻ ላይ አደረግሁ። ከዚያ ሱቁ ውስጥ ሰደፉን ትከሻው ላይ ስትገፋው ያየሁትን ፊቱን አሰብኩ፤ ቀላሉን ገዝቶ በዚያ ትከሻ ሲተኩስ፣ ጥርሱን ነክሶ ሲስቅላት።

«ከባዱን ይግዛ» አልኩ።

«ከባዱን? ለምን? ቀላሉ እኮ—»

«ትከሻው። ቀኝ ትከሻው ተሰብሮ ነበር። ኤርፖርት ሲሠራ፣ ሻንጣ ወድቆበት። እስካሁን ያመዋል። የሚመታ ነገር አይችልም።» ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም። «ሥጋውንም ካመጣችሁት እሠራዋለሁ። በስመ አብ ካላችሁ ይበቃል።»

መሪውን ለቀቀች። ስለ ሥጋው ያልኩትን የሰማች አልመሰለኝም። ከፊት ለፊታችን ጎረቤት የገዛውን ዕቃ ከመኪናው እያወረደ ነበር፤ አውርዶ እስኪገባ ድረስ እሱን አየች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ» አለችኝ፣ «ራሴን እዚያ ትከሻው ላይ ጥዬ ፊልም ሳይ፣ አንድ ቀን እንኳ አመመኝ አላለኝም።»