ዱአ የተደረገበት ፍሪሲዮን

ይሄን ነገር መጀመሪያ የነገረችኝ ነጅላ ናት፤ የቲጃኒ ሚስት። ቆማ ነው የነገረችኝ። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች። ከቤቷ ከሰቶ ሰመሮ እኔ ያለሁበት ሂርማታ ድረስ በእግሯ መጥታ፣ ደጃፌ ላይ ቆማ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችኝና ሄደች። እኔ ደግሞ የሰማሁትን አልረሳም። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን ከጅማ እስከ አዲስ አበባ ያለውን መታጠፊያ አንድ በአንድ ቁጠር ብትሉኝ ዛሬም እቆጥርላችኋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት ፊያት ነድቻለሁ። ሰኮሩ ላይ ወርዳችሁ አባ ቦና ማነው በሉ፤ የማያውቀኝ ካለ ወይ ሕፃን ነው ወይ እንግዳ።

ወደ ቲጃኒ ልመለስ። ቲጃኒ የአጋሮ ልጅ ነው። አባቱ የቡና መፈልፈያ ዘበኛ ነበሩ። ሌላው ልጅ ቡናው ክምር ላይ ሲንከባለል እሱ ሞተሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ይውላል። ቺንጋው ሊበጠስ ሲል ከድምፁ ያውቃል ይሉ ነበር፤ እኔ አላየሁም፣ ግን አምናለሁ። ጎረምሳ ሆኖ ጅማ ሲመጣ መፍቻ ያስጨበጥኩት እኔ ነኝ። ይሄን ማንም አይክደኝም፤ እሱም ራሱ «የአባ ቦና ልጅ ነኝ» ነበር የሚለው። ፊያቴ ሥር አስተኝቼ ፍሪሲዮን ምን እንደሆነ ያሳየሁት እኔ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሞተር ሁልጊዜ ይዞራል፤ ጎማ ግን መቆም ሲኖርበት መቆም አለበት። መሀል ላይ ሁለቱን የሚያገናኝ ዲስክ አለ። በግራ እግርህ ስትረግጥ ይለያያሉ፤ ስትለቅ ይያያዛሉ። ፍሪሲዮን እሱ ነው። ዲስኩ ላይ የተመታ ሸራ አለ፤ ሸራው ካለቀ ወይ ጉልበቱን ካልቻለው ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም። አንዳንድ ባል እንደዚያ ነው። የኔ የመጀመሪያዋ ሚስት... ተዉት፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ቲጃኒ አንዲት አሮጌ ዲኤክስ ኮሮላ ነበረችው። ከተገለበጠ መኪና የወጣ ባለ ቱርቦ ሞተር አግኝቶ እሷ ውስጥ አስገባ። ዛሬ ቱቦ፣ በሚቀጥለው ዓመት ራዲያተር፣ እንዲህ እያለ ስምንት ዓመት ፈጀበት። ሲያልቅ አራት መቶ የፈረስ ጉልበት አላት አሉ። አራት መቶ ፈረስ! ወላሂ ጅማን ከነገጠሩ ብታስሱ የጋሪውን ጨምሮ አራት መቶ ፈረስ አታገኙም። ቀለሟ የደበዘዘ ሰማያዊ፣ በሯ በገመድ የሚዘጋ፤ ማን ይጠረጥራታል? በሥራ ቀን ልጁን ሱዓድን ትምህርት ቤት ያደርስባታል፣ የነጅላን ጨርቅ ገበያ ይጭንባታል።

የሚፈልገው ግን አንድ ነገር ነበር። ከሰኮሩ አለፍ ብሎ ገና ላገልግሎት ያልተከፈተ ቀጥ ያለ አስፋልት ነበር። የአዲስ አበባ ልጆች እየመጡ ሁለት ሁለት ሆነው ይሰለፉና አራት መቶ ሜትር ይለቁታል። ድራግ ይሉታል። ቲጃኒ እዚያ ላይ አንድ ጊዜ መንዳት ፈለገ። አንድ ጊዜ። ችግሩ ግራ ጉልበቱ ነው። ካምቢዮ ወድቆበት ከዚያ ወዲህ ያብጣል። ሐኪሙ «ከአንድ ክረምት በላይ ፔዳል አትረግጥበትም» ብሎታል። እና ጉልበቱ ሳይሞት አንዴ ከመስመር እስከ መስመር ነድቷት፣ ከዚያ ሸጧት ሊያርፍ ነው። ከዚያ ሌላ ምኞት አልነበረውም። የመኪናዋ ፍሪሲዮን ግን ሦስተኛ ማርሽ ላይ ይንሸራተታል፣ ይሸታል። አራት መቶ ፈረስ የሚይዝ፣ የታመመ ጉልበት የሚረግጠው፣ ሱዓድንም የማያንገጫግጭ መምረጥ ነበረበት።

አንድ ቀን የቲጃኒ ጋራዥ ብሄድ ዮኤል ከሚባል አስተማሪ ጋር ቁጭ ብለዋል። ዮኤል ከሰሜን መጥቶ እዚህ ኮሌጅ የሚያስተምር ልጅ ነው፤ መኪና ይወዳል። የነጅላ ወንድም ጣሪቅ ዱባይ ሆኖ የላከውን ፎቶ በስልክ ያያሉ።

«ይሄኛው ሴራሚክ ነው» ይላል ዮኤል። «ጉልበቱን ይይዛል። ግን ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል፤ መሀል የለውም። ከተማ ውስጥ ስትነሳ ያዘልልሃል።»

«ሱዓድ ትምህርት ቤት ሳትደርስ ጥርሷ ይረግፋል በላ!»

«ስለዚህ ይሄኛው። ሁለት ዲስክ ነው፣ ተደራራቢ። ሥራውን ስለሚካፈሉት ስፕሪንጉ መክበድ የለበትም፣ ፔዳሉም ይቀላል። ላንተ ጉልበት የተሠራ ነው የሚመስለው።»

«እሱን እኮ ነው ጣሪቅ ላክሁ ያለኝ። መንገድ ላይ ነው። እሑድ ሳምንት ውድድሩ ነው፤ ይድረስ አይድረስ አላውቅም።»

እኔ ዝም ልል? «ዱባይ ዱባይ ምን ያደርግላችኋል?» አልኳቸው። ከዚያ የጊቤን ነገርኳቸው። ቡና እስከ አፉ ጭኜ ጊቤ ዳገት ላይ ፍሪሲዮኔ ተቃጠለ። ረዳቴ አለቀሰ። እኔ ገደል አፋፍ ከተጣለ ሌላ መኪና ሸራ ፈትቼ፣ በመጋዝ ቆርጬ፣ በመዶሻ ሪቬት መትቼ አዲስ አበባ ገባሁ። አዲስ አበባ ብቻ? በዚያው ሸራ ሁለት ዓመት ነዳሁ! «የጭነት መኪና ሸራ አስመታበት» አልኩት ቲጃኒን። «ሃያ ቶን የያዘ ሸራ ይቺን ቆርቆሮ አይዝም?»

ዮኤል በአክብሮት ነው የጠየቀኝ፤ ልጁ ባለጌ አይደለም። «አባ ቦና፣ የእርስዎ ፊያት በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞር ነበር?»

«እኔ የምነዳ ነኝ፣ የምቆጥር ነኝ እንዴ?»

ጋራዡ ሳቀ።

«ሁለት ሺህ ቢዞር ነው። ይሄ ሰባት ሺህ ይዞራል። ያን ያህል ሲሽከረከር ከባዱ ሸራ ወደ ውጪ ይጎተታል፤ ሪቬቱ አይችለውም፣ ይበተናል። የሚበተነው ደግሞ እግሩ ሥር ነው።»

«ልጄ፣ አንተ በእጅህ ስንት ፍሪሲዮን ፈተሃል?»

«በእጄ... ሁለት።»

«ሁለት! ኢጆሌ፣ ልጆች፣ ሰማችሁ? ሁለት!»

ያኔማ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ዮኤል ፊቱ ቀላ። ቲጃኒ አልሳቀም፤ እኔን አየ፣ እሱን አየ፣ ከዚያ «እሺ አባ ቦና» አለ።

በሦስተኛው ቀን ሸራው ተመትቶ አለቀ። ካሰብኩት በላይ አምሮ ነበር። ጫታችንን ይዘን ተቀምጠን ዲስኩን ጉልበቴ ላይ አደረግሁና ዱአ አደረግሁ። እኔ ዱአ ሳደርግ ረጅም ነው፤ ሰው ያለቅሳል። ጋራዡ በሙሉ እጁን ዘርግቶ አሚን አለ፤ ቲጃኒም አሚን አለ። ዮኤል ዳር ቆሞ ነበር። እኛ ዘንድ ዱአ የተደረገበት ነገር፣ ጉዞም ይሁን ጋብቻም ይሁን፣ ወደ ኋላ አይባልበትም። ፈትቶ መጣል ያደረገለትን ሽማግሌ ፊቱ ላይ እንደ መትፋት ነው። ይሄን እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። ያን አስተማሪ አፉን ላስዘጋው ብዬ ይሆን? እንጃ። ሌሊት ሌሊት እሱን እጠይቀዋለሁ ራሴን።

እስከዚህ እኔ ያየሁትን ነው የነገርኳችሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ነጅላ ናት የነገረችኝ።

ከውድድሩ በፊት ሐሙስ ዕለት የዱባዩ ካርቶን በአውቶቡስ መጣ። ቲጃኒ አልጋው ላይ ከፈተው። ሁለቱን ዲስክ አውጥቶ፣ በጨርቅ ጠርጎ፣ በጣቱ እየመታ ድምፁን ሰማ። «ንጹሕ ነው» አለ። የጭነት መኪናው ሸራ በዚያን ጊዜ ተገጥሟል፤ አብሮት የገባው ስፕሪንግ ከባድ ስለሆነ ፔዳሉን ሲረግጥ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይጫነዋል።

«ሁለት ቀን አለህ» አለችው ነጅላ። «አውርድና ይሄን ግጠም።»

«አባ ቦና ዱአ አድርገውበታል።»

«ማን ይነግራቸዋል?»

«ማንም። አሚን ያልኩት ግን እኔ ነኝ።»

«ዱአው ላንተ ነው ለሸራው? አላህ ያለ ሪቬት አይሰማም?»

«ነጅላ፣ መፍቻ ያስጨበጠኝ ሰው ነው። አርጅቷል፣ ወሬውን የሚሰማው የለም። መስመሩን ሳልፍ የአባ ቦና ፍሪሲዮን ነው ማለት እፈልጋለሁ።»

ይሄን ደጃፌ ላይ ቆማ ስትነግረኝ፣ ወሬውን የሚሰማው የለም ያለውን አላስቀረችልኝም።

«ሄጄ ላስፈቅዳቸው» አለችው። ከለከላት። መጥታ ብትጠይቀኝ ኖሮ አውጡት እል ነበር? ወላሂ አላውቅም። ቀላል ጥያቄ ይመስላል፤ አላውቅም። እሱ ግን ካርቶኑን መልሶ ዘጋውና አልጋው ሥር ገፋው።

እሑድ ዕለት እኔ አጋሮ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ዛሬ ሰኮሩ ላይ የኔ ፍሪሲዮን ይሮጣል እያልኩ ስደነፋ ዋልኩ።

እሱ ከአንድ የአዲስ አበባ ልጅ ነጭ መኪና ጎን ተሰለፈ። ነጅላ ዳር ቆማለች፣ ዮኤልም መጥቷል። ልጁ ያቺን በሯ በገመድ የታሰረ ሰማያዊ መኪና ሲያይ «ፋዘር፣ ተሳፋሪ ትተህ ነው?» ብሎ ሳቀበት። ምልክቱ ሲሰጥ ተነሱ። አንደኛ ማርሽ ያዘ። ሁለተኛ ማርሽ ያዘ። ነጩ ወደ ኋላ ቀረ፤ ነጅላ ራሷን ረስታ እልል አለች። ሦስተኛው ላይ ሞተሩ ሲጮህ፣ ሲጮህ፣ ከዚያ ድንጋይ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የወረደ የመሰለ ድምፅ። ጭስ። ሸራው ተበትኖ ካምቢዮውን ቀዶ፣ ወለሉን ቀዶ ነው የወጣው። መኪናዋ በራሷ እየተንከባለለች መስመሩን አለፈች። ማን እንደቀደመ ያየ የለም፤ ሁሉም የሚሮጠው ወደሷ ነበር። እግሩን በቀበቶው ያሰረው ዮኤል ነው። ያ ባይኖር ደሙ እዚያው ያልቅ ነበር።

ሐኪም ቤት ግራ እግሩን ከጉልበት በታች ቆረጡት።

እኔ ልጠይቀው ስሄድ የነገረኝ ሌላ ነው። «የዱባዩ ዘግይቶ መጣ፣ አልሐምዱሊላህ፣ የአላህ ነው» አለኝ። ለመጣ ጠያቂ ሁሉ እንደዚያ ይላል። እኔም አመንኩት። አምኜውም ቤቴ ገብቼ እራቴን በላሁ። ሁለት ወር ሙሉ አመንኩት። ነጅላ የመጣችው ያኔ ነው። «እሱ ሊሸፍንዎት ነው። እርስዎ ግን እንዲያውቁት ፈለግሁ» ብላ ጨረሰች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ጋራዡ ተዘግቷል። የኮሮላዋ ሞተር ተሸጧል፣ ቅርፊቷ ዝናብ ላይ ቆማለች። አንድ ሁለት ሰው ቢለምነው እንኳ በአንድ እግር መኪና ሥር አይገባም፤ ደግሞ ሰው እሱ የገጠመውን ፈርቷል። ሱዓድ በእግሯ ነው የምትሄደው። ዮኤል ሰላም ይለኛል፣ አይቆምም።

እኛ አገር አካል ላጠፋ ሰው ጉማ አለ፤ ከብት ይዘህ ሄደህ የምትክሰው ካሳ። እኔ አንዲት ጊደር ነበረችኝ፤ እሷን ይዤ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትዬ ሰቶ ሰመሮ ሄድኩ። ቲጃኒ ደጃፉ ላይ ክራንቹን ደገፍ አድርጎ ተቀምጧል። ሊነሳልኝ ሞከረ። ሊነሳልኝ!

«ምንድን ነው ይሄ አባ ቦና?»

«ጉማ ነው።»

«ጉማ ሰው ለጎዳ ነው። እርስዎ ምን አደረጉኝ?»

«ነጅላ ነግራኛለች። ካርቶኑን ነግራኛለች።»

ወደ ነጅላ ዞሮ አያት። እሷ ዓይኗን አላነሳችም።

«አሚን ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «አፉ ብያለሁ፤ ይቅር ብያለሁ። ይዘዋት ይሂዱ።»

«ልጄ፣ ተቀበለኝ። በአላህ።»

«አፉ ብያለሁ አልኩዎት እኮ። አፉ ያልኩትን ደግሜ አልቀበልበትም።»

ሽማግሌዎቹ ማሻአላህ አሉ፣ ትልቅ ሰው ነው አሉ፣ መረቁት፣ ሄዱ። እኔ ጊደሯን ይዤ ቀረሁ። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ሂርማታ ለመግባት በገበያው መሀል ማለፍ ነበረብኝ። አንድ ደላላ ጎኗን ዳበስ አደረገና «አባ ቦና፣ ስንት ይሏታል?» አለኝ።

«ለሽያጭ አይደለችም» አልኩት።

«ታዲያ ገበያ ምን ትሠራለች?»

«ልከፍላት ሄጄ ነበር፣ አልተቀበሉኝም።»

የምቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ ገመዷን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።