ትንሹን ሊግ የለቀቅን ጊዜ

ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣሁም። አባቴ ከሸዋ ለሥራ መጥቶ መቐለ የቀረ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ለግል ኮሌጅ የሚከፍለው አልነበረውም። ስለዚህ ሓድነት ሰፈር ያለው ኮሌጅ መረብ ኳስ የምትጫወት ሴት በነጻ ትማራለች ሲል ሰምቼ ሄድኩ። ትምህርቱን አልጨረስኩትም፤ ቁጭ ብሎ መማር ለኔ አይሆንም። ኳሱ ግን ይዞኝ ቀረ።

ያኔ የከተማዋ የግል ኮሌጆች አራት ሆነው የራሳቸው ትንሽ ሊግ ነበራቸው። ሊግ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሜዳው አፈር ነው፣ ዳኛው ከአንዱ ኮሌጅ የመጣ የስፖርት አስተማሪ ነው፣ ተመልካቹ የተጫዋች እኅትና ጎረቤት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ጨዋታው እንደገና ሲጀመር ለአራታችንም የተረፈን ደህና መረብ አንድ ብቻ ነበር። ከዚያ የተነሣ አንድ ልማድ መጣ። ቅዳሜ ሁላችንም አንድ ሜዳ ላይ እንሰበሰባለን፤ የመጨረሻውን ጨዋታ የተሸነፈው ቡድን መረቡን ተሸክሞ ይሄዳል፣ የተበጠሰውን ይቋጥራል፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይዞት ይመጣል። መረብ ያለ ጨዋታ አይመለስም። ማን እንደደነገገው አላውቅም፣ ግን ሁላችንም እንደ ሕግ ይዘነው ነበር።

መረብ ተሸክሞ በሮማናት አደባባይ ማለፍ ውርደት ነው። አንድ ጊዜ ጉልበቴ ላይ ጠቅልዬ ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና «ዓሣ ተገኘ?» አለኝ። ታክሲው ሙሉ ሳቀ።

ብዙ ጊዜ የሚያሸክሙን ዓይናለም ሰፈር ያለው ኮሌጅ ልጆች ነበሩ። አምበላቸውን ሁላችንም «የዓይናለሟ» እንላት ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ አፏ የማያርፍ። በመረቡ ቀዳዳ አይን አይኔን እያየች «የሸዋ ልጅ፣ ጠቅልለሽ ለመውሰድ ገመድ ይዘሻል?» ትለኛለች። እኔም ዝም አልልም። ጨዋታው ሲያልቅ ግን አብረን ነው የምንሄደው፣ አብረን ነው ሻይ የምንጠጣው። ነርሲንግ ትማር ነበር፣ እሷም እንደኔ በቡድኑ ምክንያት በነጻ። ልዩነታችን እሷ ትምህርቷን መውደዷ ነው። ሻይ ላይ ስለ ደም ሥር አንሥታ ስታወራኝ ኬኬን ሳልጨርስ የተውኩበት ቀን አለ። ለመመረቅ አንድ ዓመት ነበር የቀራት።

አንድ ቀን የኛ ዲን ከልምምድ መሐል ሰበሰበን።

«ልጆች፣ አደግን!» አለ።

የታሸገ ውሃ የሚያመርት ነጋዴ ስፖንሰር ሊሆነን ነው። ኮሌጃችን ከትንሹ ሊግ ወጥቶ የድርጅቶችና የትልልቅ ክለቦች ሊግ ውስጥ ይገባል። ሲሚንቶ ሜዳ፣ አውቶቡስ፣ ለያንዳንዳችን አዲስ ጫማ፣ ደረቱ ላይ የውሃ ጠርሙስ የተሳለበት ሰማያዊ ማሊያ። በምትኩ፣ ከአዲሱ ሊግ ውጭ ከማንም ጋር አንጫወትም። ውሉ እንዲህ ይላል።

ጮህን። ተቃቀፍን። ከመሐላችን «ሌሎቹስ?» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። መረቡ ያኔ እኛ ዘንድ ነበር፤ እሱም ዕቃ ቤት ጥግ ላይ ተጥሎ ቀረ።

እኛ ስንወጣ ሦስት ቀሩ። ከሦስቱ አንዱ «እኛስ ከማን እናንሳለን» ብሎ ስፖንሰር ፍለጋ ሄደ። ሁለት ቡድን ደግሞ ሊግ አይባልም፤ ጠብ ነው የሚባለው። ወዲያው እነሱም ተዉት።

የዓይናለሟ አንድ ቀን ከሰዓት ኮሌጃችን በር ላይ ጠበቀችኝ። ሰላም እንኳ ሳትል «መረባችን እናንተ ጋ ነው» አለች።

«ውሰጂው።»

«ያለ ጨዋታ አልወስድም። ልማዱን ታውቂያለሽ።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«ስሚኝ ሓፍተይ» አለች፤ እኅቴ ስትለኝ ነገሩ የምር ነው ማለት ነው። «ዲናችን ተጋጣሚ የሌለው ቡድን ምን ያደርግልኛል እያለ ነው። ቡድኑ ከፈረሰ እኔ ከፋይ ነኝ። ከየት አባቴ አምጥቼ? ቅዳሜ ቅዳሜ ብትመጡልን፣ ሲያይ ልቡ ይራራል። አንድ ዓመት ብቻ ያቆየው፤ ከዚያ ቢፈልግ ሜዳውን ይረሰው።»

«ከሊጉ ውጭ አትጫወቱ ተብለናል እኮ።»

«እንደ ቡድን ማን ኑ አላችሁ? እንደ ጎረቤት ኑ።»

ለልጆቹ ነገርኳቸው። ሁሉም እሺ አሉ፤ መረቡንም ከዕቃ ቤት አወጣነው። አሰልጣኛችን ጆሮውን እያከከ «እኔ ምንም አልሰማሁም» አለን። ትንሽ ሄደት ብሎ ዞረና «ማሊያውን ግን እንዳትነኩት። የቤት ልብሳችሁን ልበሱ» አለ።

እንግዲህ መቐለን የማያውቅ ሰው ይህን አይረዳውም። በዚያ ሳምንት ሓድነት የውሃ ፈረቃው ዘለለን። ቧንቧው ይሳላል እንጂ አይፈስም። እኛ ደግሞ በየቀኑ ልምምድ ላይ ነን፤ ያለን ቲሸርት ሁሉ በላብ ደርቆ ብቻውን ይቆማል። ቅዳሜ ጠዋት ቤት ውስጥ ንጹሕ የነበረኝ አንድ ልብስ ነው፤ ከነፕላስቲኩ የተቀመጠው ሰማያዊ ማሊያ። ከላይ ሹራብ ብደርብበት ማን ያያል ብዬ ለበስኩት። እናቴ «በዚህ ሙቀት ሹራብ? አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። ነፋስ ይኖራል ብያት ወጣሁ።

ታክሲ ተራው ላይ ስደርስ ሁሉም ሹራብ ለብሰዋል። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። አልነቃሁም።

ዓይናለም ፀሐዩ አናት ይበሳል። የመጀመሪያው ነጥብ ሳያልቅ አንዷ ሹራቧን አወለቀች። ሰማያዊ። ሁለተኛዋ አየቻትና ሳቀች፣ እሷም አወለቀች። ሰማያዊ። በመጨረሻ ሁላችንም ጠርሙሳችንን ደረታችን ላይ ለጥፈን ቆምን፤ እያንዳንዳችን «እኔ ብቻዬን ብለብስ ምን አለበት» ብለን ነው የመጣነው።

የዓይናለሟ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችን። «ዋይ! እንደ ጎረቤት ኑ ብል፣ ከነታርጋችሁ መጣችሁ?»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። የዳኛው ፊሽካ ከአፉ ወደቀ። አንዷ መልሰን እንልበስ አለች፣ ግን በዚያ ሙቀት ማን ሹራብ ለብሶ ይዘላል? ተጫወትን። እንደዚያ ቀን ተጫውቼ አላውቅም። የነሱ ዲን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዳር ቆሞ ነበር፤ መሐል ላይ አጨበጨበ። የዓይናለሟም አየችው፣ እኔም አየሁት። አሸነፍናቸውና መረቡን እሷ ተሸከመች። ተሸንፎ እንደዚያ የሚፈነድቅ ሰው አይቼ አላውቅም። «በሚቀጥለው ቅዳሜ አንቺ ነሽ ተሸካሚዋ» አለችኝ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ የሚባል አልነበረም። የአንዷ ጓደኛችን እኅት በስልኳ ፎቶ አንሥታን ነበር፤ ኮርታብን ለሰው ሁሉ ለቀቀችው። ፎቶው ላይ አቧራው፣ የአፈሩ ሜዳ፣ ጥርሳችን፣ ጠርሙሱም ጥርት ብሎ ይታያል። ነጋዴው ጋ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም።

ዲናችን አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ልጆቼ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ገንዘቡ የኔ ቢሆን እኔም አብሬያችሁ እመጣ ነበር። የሰጠው ሰው ግን ስሜን አፈር ላይ ጣላችሁት እያለ ነው።» ከዚያ ለዓይናለሙ ዲን ደውሎ ሁለተኛ ልጆቻችንን አይጋብዙብን አለው። እሱም ተናደደ። ለማኝ አደረጋችሁኝ ብሎ በዚያው ሳምንት ቡድኑን በተነው። የዓይናለሟ ጽሕፈት ቤት ተጠርታ ከአሁን ወዲያ እንደማንኛውም ተማሪ ትከፍያለሽ ተባለች።

የኛ ዲን ይህን ሲሰማ እኛ ጋ በነጻ ትግባ አለ። አዝኖላት ይሁን፣ ጥሩ ተጫዋች ስለሆነች ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ሁለቱም። ችግሩ የኛ ኮሌጅ ነርሲንግ የለውም። አካውንቲንግ ነው ያለው፣ እሱንም ከመጀመሪያው መጀመር አለባት።

«አንቺ ብትሆኚ?» አለችኝ፤ በዓይናለም መንገድ ዳር ቆመን።

«እመጣለሁ።» አላሰብኩበትም።

«አንቺማ ትምህርት ምንሽም አይደል።» ጠጠር በጫማዋ ገፋች። «ቤት ከመዋል ይሻላል» አለች በኋላ፤ ለኔ ይሁን ለራሷ እንጃ።

መጣች። ከኔ አጠገብ መጫወት ጀመረች። ኳሱ እሷ እጅ ሲገባ የት እንደሚመጣልኝ ሳላይ አውቃለሁ፤ ስንት ጊዜ ከወዲያ ማዶ ስትመታብኝ ኖራ የለ? ማሸነፍ አበዛን። ቀልዷ ግን ቀነሰ። በትልቁ ሊግ ከመረቡ ወዲያ ያሉትን አናውቃቸውም፤ ጨዋታው ሲያልቅ እነሱ በአውቶቡሳቸው፣ እኛ በአውቶቡሳችን። የምንሳደበው ሰው የለም። አብሮን ሻይ የሚጠጣም የለም።

ገንዘቡን አልረግምም። እግሬ ላይ ያለውን ጫማ እሱ ነው የገዛልኝ፤ ይህን ክጄ ባወራ ውሸታም ነኝ። የሚቆጨኝ ያቺ ስንጮህና ስንተቃቀፍ የነበርንባት ቀን ናት። የወጣንበት ሊግ ድሃ ነው ብለን እንጂ፣ ሰው ተደግፎበት ይሆን ብለን አላየነውም። ቢያንስ ዲናችንን ዓመቱ እስኪያልቅ ይቆይልን ልንለው እንችል ነበር። እሺ ይበል አይበል ሌላ ነገር ነው። አልጠየቅነውም።

በቅርቡ አንድ ጨዋታ ላይ ከኛ አንዷ ለመከላከል ዘልላ በእግሯ ጠርዝ ወደቀች። ሲሚንቶው ላይ ድምፁ ተሰማኝ። የዓይናለሟ ከሁላችንም ቀድማ ተንበርክካ ነበር። የልጅቷን ቁርጭምጭሚት በሁለት እጇ ይዛ፣ ድምፅዋ ፍጹም ሌላ ሰው ሆኖ፣ «እዚህ ነው? እዚህስ? ጣትሽን አንቀሳቅሺልኝ» ትላታለች። ልጅቷ ማልቀሷን ተወች።

ሊጉ የቀጠረው የሕክምና ባለሙያ ቦርሳውን ይዞ ደረሰ። ሰውየው ሥራውን ያውቃል፣ ጥፋት የለበትም። «አመሰግናለሁ፣ የኔ እኅት» አላት። «አንቺ ተጫዋች ነሽ፤ ወደ ቦታሽ።»

ቀስ ብላ ለቀቀቻት። ተነሥታ እጇን ቁምጣዋ ላይ ጠረገች። ኳስ የመጀመር ተራው የሷ ስለነበር ከመስመሩ ኋላ ሄዳ ቆመች። ዳኛው ነፋ። አልመታችም፤ ተደግፋ ወደምትወጣው ልጅ እግር ታያለች። ዳኛው ደግሞ ነፋ።

«ምቺው እንጂ!» አልኳት።

መታችው። ነጥብ ሆነልን።